«በሕይወቷ ክኒን የነሳኋትን ሴት በሞቷ በሬ ልረድላት?»

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የ39 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት። የምንኖረው አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ነው። ባለቤቴ ሰዓት ሰሪ ነው። ፒያሳ የነበረችው ትንሽ ሱቁ በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ አብራ ሄደች። አሁን ሰው ሱቅ በር ላይ ጠረጴዛ ተከራይቶ ይሠራል።

የዛሬ ዓመት ገደማ፣ መስከረም ላይ የባለቤቴ እናት አረፉ። 13 ዓመት አብረውን ኖረዋል። ልጆቼን ያሳደጉልኝ እሳቸው ናቸው። ደብተራቸውን እንኳ የሚለብዱላቸው እሳቸው ነበሩ። ደም ግፊት ነበረባቸው። ያን ሰሞን ክኒናቸው አለቀ። የልጆቹ መመዝገቢያ ስለደረሰ ያንን ብር አንንካ ብለን ጥቂት ቀን አሳለፍነው። እሳቸውም «እኔ ደህና ነኝ፣ ልጆቹ ይመዝገቡ» አሉ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንድ ቀን ጠዋት ስትሮክ ጣላቸው። ሆስፒታል ሦስት ቀን ተኝተው አረፉ። የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው።

ችግሬ ባለቤቴ ነው። በየወሩ በ23 እናቱን ይዞ ጊዮርጊስ የሚሳለም ሰው ነበር። ከአርባቸው በኋላ የቤተ ክርስቲያን ደጅ አልረገጠም። ዳዊት ስደግም ተነሥቶ ይወጣል። ፍልሰታን አልጾመም። «እግዜርን አታማር፣ የባሰ አለ» ስለው ፊቱን ያዞርብኛል። አሁን ሙት ዓመታቸው ደርሷል። እኔና እህቶቹ ወግ ያለው ተዝካር ማውጣት እንፈልጋለን። ዕቁቡን አስቀድመው እንዲሰጡኝም ዳኛውን አነጋግሬያለሁ። እሱ ግን «በሕይወቷ ክኒን የነሳኋትን ሴት በሞቷ በሬ ልረድላት?» ብሎ ልጆቹ ፊት ጮኸብኝ። ሰሞኑን ደግሞ ጭራሽ ብሶበታል። የልጆቹን ምዝገባ ስነግረው «አንቺው አስመዝግቢ» ብሎኝ ወጣ። እምነቱን እያጣብኝ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦

እህቴ፣ አስቀድሜ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ዓመት ሊሞላው ሲል «ያጽናሽ» ማለት እንደዘገየ አውቃለሁ። ግን ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው፣ ይህን ቃል ለአንቺ ያለሽ ሰው መኖሩን ተጠራጠርኩ። ለቅሶ ደራሽ የሚያቅፈው ልጆቹን ነው። ምራት ጓዳ ናት። ውሃ ታቀርባለች፣ ንፍሮ ታወጣለች፣ ድንኳኑ ሲነሣ የእድሩን ሳህን ቆጥራ ታስረክባለች። 13 ዓመት ከአንድ ጀበና የጠጣሻቸውን ሴት ቀብረሽ እንባሽን የቆጠረልሽ የለም። ይህን ያዢልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። አንቺ የጻፍሽልኝ ስለ ጾሙ፣ ስለ ጸሎቱና ስለ ተዝካሩ ነው። እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው በአንድ መስመር ነክተሽ ባለፍሽው ነገር ላይ ነው፤ የልጆቹ ምዝገባ።

አምና በዚህ ሰሞን ምን እንደነበር አስቢው። ዝናቡ ሳያባራ፣ ደብተር ሻጮቹ መንገድ ዳር ሸራ ወጥረው ሲደረድሩ፣ እናንተ ቤት አንድ ብር ለሁለት ጉዳይ ተፈለገ። ለምዝገባ ወይስ ለክኒን? ዘንድሮ ነሐሴ ተመልሶ መጣ። ያው ደብተር፣ ያው ዩኒፎርም፣ ያው የምዝገባ ደረሰኝ። «ልጆቹን አስመዝግብ» ስትይው አንቺ ስለ ትምህርት ቤት ነው የተናገርሽው። እሱ የሰማው ስለ እናቱ ነው። ዓመቱን ሙሉ ደህና መስሎ የከረመ ሐዘንተኛ፣ ቀኑ ሲቃረብ እንደገና ሲወድቅ እኛ አማካሪዎች በሥራችን ብዙ ጊዜ እናያለን። ቀኑን ቆጥሮ ላይሆን ይችላል። የወሩ ብርድና የዝናቡ ድምፅ ይበቃዋል። «ሰሞኑን ብሶበታል» ያልሽው ለእኔ ምንም አልገረመኝም።

ስለ በሬው የተናገረውን ደግሞ አንቺ ጩኸት ብለሽዋል። እኔ ኑዛዜ እለዋለሁ። ቄስ የሌለበት ኑዛዜ። በእኛ አገር ልጅ ለወላጁ ጧሪ ቀባሪ ነው። ባልሽ መቅበሩን በወጉ ቀብሯል። መጦሩ ላይ ግን ወደቅሁ ብሎ ያምናል። ታዲያ ድንኳን ተክሎ፣ በሬ ጥሎ፣ እንግዳ ሲቀበል ምን እንደሚሰማው ገምቺ። አገር ፊት ቆሞ «ጥሩ ልጅ ነበርኩ» እያለ የሚዋሽ ነው የሚመስለው።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ አንድ ስህተት ይሠራል። «ተው፣ ያንተ ጥፋት አይደለም፣ ቀኗ ደርሶ ነው» ይላል። አይሠራም። ሰውየው ሞኝ አይደለማ! የደም ግፊት ወደ ስትሮክ እንደሚወስድ፣ መድኃኒት ማቋረጥም አደጋ እንዳለው ያውቃል። የሚያውቀውን «የለም» ብትይው አንቺን ማመን ያቆማል እንጂ አይጽናናም። የሚሻለው እውነቱን በልኩ ማስቀመጥ ነው። የክኒኑ መቋረጥ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ምን ያህል እንደሆነ ግን ማንም ሐኪም ሊለካው አይችልም። ግፊት የደም ሥርን የሚጎዳው በብዙ ዓመት ነው። ክኒናቸውን አንድ ቀን ሳያጓድሉ ስትሮክ የሚመታቸው ሰዎችም አሉ። ደግሞ ባልሽ ዛሬ ያንን ሰሞን የሚያየው መጨረሻውን አውቆ ነው። ያኔ ከፊቱ የነበሩት «ደህና ነኝ» የምትል እናት፣ የማይጠብቅ የምዝገባ ቀንና ባዶ ኪስ ነበሩ። ክኒንና ደብተር ማማረጥ ያመጣው ድህነት ነው። የዚህን ከተማ ኑሮ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይፈርድበትም።

አሁን ደግሞ ትንሽ ልቆጣሽ ነው። «የባሰ አለ» እና «አታማር» የሚሉትን ነገሮች ከዛሬ ጀምሮ ተያቸው። ክፉ አስበሽ እንዳልሆነ፣ ፈርተሽለት እንደሆነ ይገባኛል። ግን ሳታውቂው የእግዚአብሔር ጠበቃ ሆነሽ ባልሽን እየከሰስሽው ነው። እግዚአብሔር ጠበቃ መቅጠሩን እኔ አልሰማሁም።

መጽሐፈ ኢዮብን አውጪና የሁለተኛውን ምዕራፍ መጨረሻ አንብቢልኝ። ሦስቱ ወዳጆቹ መጡ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ሕመሙ እጅግ እንደበረታ አይተው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ከዚህ የተሻለ ለቅሶ ደራሽ አላውቅም። ነገሩን ያበላሹት አፋቸውን የከፈቱ ዕለት ነው። ምዕራፍ በምዕራፍ እየተቀባበሉ «እግዚአብሔር አይሳሳትም፣ አንተ የሆነ ነገር ሠርተህ ነው» አሉት። ኢዮብ ደግሞ የተወለደበትን ቀን ረገመ፣ ጮኸ፣ ከፈጣሪው ጋር ልሟገት አለ። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ላይ ነው? በወዳጆቹ ላይ። ስለ እኔ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው፤ 42ኛው ምዕራፍ ላይ ታገኚዋለሽ። ቁጣው የነደደው ያማረረው ሰው ላይ አይደለም።

ዳዊት እደግማለሁ ብለሻል። እንግዲያው መዝሙር 21 ላይ ስትደርሺ፣ በሌላው አቆጣጠር 22 ነው፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው። «አምላኬ አምላኬ ለምን ተውኸኝ» ይላል። ጌታ በመስቀል ላይ የጮኸው ይህንኑ ነው። 87ኛውንም እዪ፤ በሌላው አቆጣጠር 88ኛው ነው። ሌሎቹ የሐዘን መዝሙሮች አብዛኞቹ ወደ መጨረሻቸው ብርሃን ያያሉ። ይሄኛው በጨለማ ጀምሮ በጨለማ ያልቃል። አባቶች ግን ከዳዊት አላወጡትም። ባልሽ ምናልባት ዓመቱን ሙሉ ያን መዝሙር እየደገመ ይሆናል፣ በቃሉ ሳይሆን በዝምታው። ደግሞስ ሰው ከማያምንበት ጋር ይኳረፋል? ስትጸልዪ ተነሥቶ የሚወጣው ጸሎቱ ስለሚነካው ነው። ምንም ካልመሰለው ቁጭ ብሎ ሰዓቱን ይፈታ ነበር።

አባቴ ያረፈ ጊዜ ቤታችን ብዙ ሰው መጣ። የነገሩኝን ጥቅስ አንዱንም አላስታውሰውም። የማስታውሰው ከታች ሰፈር የመጣ አንድ ጎረቤታችንን ነው። አጠገቤ ተቀመጠ። ምንም አላለም። ሲመሽ የድንኳኑ ገመድ ላልቶ አየና ተነሥቶ አጠበቀው። ከዚያ «በል ደህና እደር» ብሎኝ ሄደ። ይሄው ነው።

«ከአርባቸው በኋላ» ብለሽ የጻፍሽውም ቸል የሚባል አይደለም። ሥርዓታችን ለሐዘን መሰላል ሠርቶለታል። ሠልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። ዋናው ነገር ለነፍስ የሚደረገው ጸሎት ነው። በእኔ ሙያ ዓይን ሲታይ ደግሞ ሌላም ጥበብ አለው፤ ሐዘንተኛው በየደረጃው ከሰው ጋር ይገናኛል። ይሄ የሚሠራው ግን ሰፈር ሲኖር ነው። የፒያሳ ሰው፣ የዶሮ ማነቂያ ሰው፣ ዛሬ በየከተማው ዳር ተበትኗል። ለአርባ ሁለት ሦስት ታክሲ ቀይሮ የመጣ እድርተኛ፣ ማክሰኞ ከሰዓት «እስኪ ቡና ጠጣ» ብሎ ሊጠራው አይመጣም። ባልሽ ሱቁን፣ ደንበኛውን፣ ሲያልፍ «ሰላም ነው?» የሚሉትን በሮች ሁሉ በአንድ ዓመት አጣ። ከዚያ እናቱን ቀበረ። ለቅሶው ሁለት ነው፤ ድንኳን የተተከለው ለአንዱ ብቻ ነው።

አንድ የሙያ ነገር ጣል ላድርግ። ማርጋሬት ስትሮብ እና ሄንክ ሹት የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሐዘንተኛ በሁለት ነገሮች መካከል ይመላለሳል ይላሉ። አንዴ ወደ ሟቹ ዞሮ ያለቅሳል፣ ያስታውሳል። አንዴ ፊቱን ወደ ኑሮው መልሶ ደፋ ቀና ይላል። መመላለሱ ነው ጤናው። እናንተ ግን ተከፋፍላችሁታል። አንቺ በትዝታው በኩል ተቀምጠሻል፤ ሻማው፣ ዳዊቱ፣ ተዝካሩ። እሱ ከትዝታው እየሸሸ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሯል። አንቺ እሱን «ልቡ ደነደነ» ትያለሽ። እሱ ደግሞ አንቺን «ቁስሌን የምትነካካ» ሳይልሽ አይቀርም።

አሁን ያዢልኝ ወዳልኩሽ ነገር። ደብዳቤሽ ላይ «ያንን ብር አንንካ ብለን» ብለሻል። ልብ በይ፤ «ብሎ» አላልሽም። ባልሽ ግን «የነሳኋት» ይላል፣ ለብቻው። ውሳኔው የሁለታችሁ ሆኖ ሳለ ሸክሙን እሱ ብቻውን ተሸከመው። አንቺስ? «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብለሽ ነጥብ አስቀመጥሽና አለፍሽ። አለፍሽ ወይ? ታዲያ ዕቁብ አስቀድመሽ አውጥተሽ፣ ወራት ሙሉ እየከፈልሽ፣ በሬ ለመጣል የተነሣሽው ለምንድን ነው? አትቀየሚኝና ልጠይቅሽ፤ ይሄ በሬ የማን ዕዳ ነው? በአንድ ደብዳቤ የሰው ልብ አይነበብም፤ ልሳሳት እችላለሁ። ካልተሳሳትኩ ግን ሁለታችሁም አንድ ጸጸት ይዛችሁ ጀርባ ተሰጣጥታችኋል። እሱ ራሱን በዝምታ ይቀጣል። አንቺ በድግስ ልትከፍዪ ነው።

ስለዚህ ከተዝካሩ ወሬ በፊት ሌላ ወሬ አለ። ፊት ለፊት አስቀምጠሽ «እንነጋገር» አትበይው። እንደሱ ያለ ሰው እጁ ሥራ ላይ ሲሆን ነው አፉ የሚፈታው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ቤት ይዞት የመጣውን ሰዓት ሲነካካ፣ አጠገቡ ተቀመጪ። ከራስሽ ጀምሪ። «ያ ክኒን እኔንም ይቆረቁረኛል። ብሩን አንንካ ያልኩት እኔም ነኝ» በይው። ከዚያ በኋላ ዝም። እሱም ዝም ሊል ይችላል። ተነሥቶ ሊወጣም ይችላል። ተዪው፤ ነገሩ ሆዱ ገብቷል፣ በሌላ ቀን ራሱ ያነሣዋል። «እኔ ነኝ የገደልኳት» ካለሽ «እንዲህ አይባልም» ብለሽ አትዝጊበት። «እስኪ ንገረኝ» በይው። ያንን ሰሞን ከመጀመሪያው ያውራው፤ ማን ምን እንዳለ፣ እሳቸው ምን እንዳሉ። «ልጆቹ ይመዝገቡ» የሚለው ላይ ራሱ ይደርሳል። ውሳኔው ውስጥ እናቱም ነበሩበት። ለልጅ ልጆቻቸው ከራሳቸው ቀንሰው ሰጡ። ይህን አንቺ አትንገሪው፤ እሱ ሲያገኘው ነው የሚያሳርፈው።

ተዝካሩን በተመለከተ፣ ጸሎተ ፍትሐቱና ቅዳሴው ይደረግ። ይህ በሬ አይጠይቅም። ከአቅም በላይ ተበድሮ መደገስን ካህናቱ ራሳቸው ሲነቅፉ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ለማንኛውም ንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ዕቁቡን አትንኪው። የሚመጣው ወር የቤት ኪራይ አለ፣ ዘይት አለ። «ሰው ምን ይላል» ለሚሉት እህቶቹ፣ ወንድማቸው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ በግልጽ ንገሪያቸው። አንድ ሐሳብም ብልጭ አለልኝ። በአካባቢያችሁ የግፊት ክኒናቸውን በገንዘብ እጦት የሚያቋርጡ አዛውንት አይጠፉም። ሐኪም ያዘዘላቸውን መድኃኒት ለጥቂት ወራት «ለእናቴ ነፍስ» ብሎ ቢገዛላቸውስ? ለባልሽ ከበሬው ይልቅ ይሄኛው ተዝካር ይመስለኛል። ግን አሁን አታንሺበት። ስለ ክኒኑ ማውራት ከቻላችሁ በኋላ ነው።

ቤተ ክርስቲያን አትጎትቺው። በ23 ስትወጪ «ልሄድ ነው» ብቻ በይው። ጴጥሮስ ጌታውን ክዶ ምርር ብሎ ካለቀሰ በኋላ የት ተገኘ? ዓሣ ማጥመጃው ላይ፣ ሥራ ቦታው። ጌታ የመጣው እዚያ ነው። መጀመሪያ በፍም ላይ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ «ኑ ብሉ» አላቸው። «ትወደኛለህን?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከበሉ በኋላ ነው። ንስሐ አባታችሁ ጥሩ ሰው ከሆኑ እስኪ ሹክ በያቸው፤ የቆመ ሰዓት ካላቸው ይዘው ወደ ጠረጴዛው ጎራ ይበሉ። ስብከት ሳይሆን ሰዓት ይዘው።

የምንጠነቀቅበት ነገርም አለ። እንቅልፍና ምግብ ከተወ፣ መጠጥ ካበዛ፣ «ምነው እኔን በወሰደኝ» ማለት ከጀመረ አትጠብቂ። «ራስህን ልታጠፋ አስበህ ታውቃለህ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂው። መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ብዙ ሰው ሲጠየቅ እፎይ ይላል። አዎ ካለሽ ብቻውን አትተዪው፣ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ውሰጂው። ከዓመት በኋላም ሐዘኑ ቀን ከቀን ሰቅዞ ይዞት ሥራና ኑሮ ካስተወው ሕክምና ያስፈልገዋል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2022 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው መመሪያ እንዲህ ያለውን የተራዘመ ሐዘን ሕመም ብሎ መዝግቦታል፤ ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 12 ወር ይጠበቃል። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ፣ በሌሎች ሆስፒታሎችም የሥነ አእምሮ ክፍሎች አሉ። «አማኑኤል» ሲባል የሚደነግጥ ሰው አሁንም አለ፤ አንቺ አትደንግጪ። ጸበሉም ይቀጥል፣ ሐኪሙም ይታይ። አይጣሉም።

ምዝገባውን ዘንድሮ አንቺ ጨርሺው፣ ሳታኮርፊ። ደብተሩን ግን አትለብጂው። እናቱ ይሠሩበት በነበረው ቦታ፣ መቀሱንና ላስቲኩን አጠገቡ አድርገሽ አስቀምጪለት። ልጆቹ «አባዬ፣ ልበድልን» ይበሉት።